ስድስተኛው ወር

አይናዲስ የምትተዳደረው ሰው በመፈለግ ነበር። የምትፈልጋቸው ሰዎች የጠፉ አይደሉም፤ ታክመው ተሽሏቸው ወደ ቀያቸው የገቡ ናቸው። መተማ ውስጥ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ፣ ከአስፓልቱ ወረድ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ አንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ የካላዛር ምርምር ይካሄድ ነበር፤ በመንግሥት በጀት፣ ለሦስት ዓመት ተብሎ የተጀመረ። እሷም እዚያ የክትትል ሠራተኛ ተብላ ተቀጠረች።

ካላዛር ተንኮለኛ በሽታ ነው። የለቀቀ መስሎ ያደፍጥና ተመልሶ ይነሣል። ስለዚህ አንድ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ጨርሶ ከወጣ በኋላ በስድስተኛው ወር ተመልሶ መታየት አለበት። ያኔ ትኩሳት ከሌለው፣ ጣፊያው ካላበጠ፣ ድኗል ይባላል። በስድስተኛው ወር ያልታየ ሰው ግን፣ እቤቱ ደህና ሆኖ ጎመን እየበላም ቢሆን፣ ለምርምሩ እንዳልታከመ ነው።

ችግሩ ካላዛር የሚይዘው ሰው መድረሻ የሌለው መሆኑ ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከበለሳ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላው የሚወርደው ጎበዝ በየእርሻው ሜዳ ላይ ያድራል። ዋልካው መሬት ሲደርቅ ከሚሰነጠቀው ስንጥቅ፣ ከግራሩ ሥር፣ ዓይን የማትሞላ ዝንብ ወጥታ ትነክሰዋለች። ከሳምንታት በኋላ ያተኩሰዋል። ወባ ነው ብሎ ይተኛል። ታክሞ ሲወጣ ስልክ ቁጥር ቢሰጥም ቁጥሩ ወር አይቆይም። አይናዲስ ታዲያ ስልክ ብቻ ጠይቃ አታቆምም። "የምትስሙት ቤተ ክርስቲያን ማነው? እህል የምታስፈጩትስ የት ነው? ወፍጮ ቤቱ ስልክ አለው?" ትላለች። መልሱን ሁሉ ጠንካራ ሽፋን ባለው በራሷ ደብተር ላይ ታሰፍራለች።

"ሰው ስልኩን ይጥላል፤ ወፍጮውን አይጥልም" ትል ነበር።

እውነቷን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስተኛ ወራቸው ከደረሰ ሃምሳ ሁለት ሰዎች መካከል ያጣቻቸው አራት ብቻ ናቸው። አንዱን ሕመምተኛ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዳ ከሠርግ ድንኳን አውጥታ አምጥታዋለች።

ተወልዳ ያደገችው እዚያው ገንዳ ውሃ ነው። አባቷ ከበለሳ የወረዱ ሰፋሪ ገበሬ ነበሩ። ታላቅ ወንድሟ ቸሩ ሲሞት እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ሰጡት። ጠበል ወሰዱት። በመጨረሻ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ያበጠ ግራ ጎኑን በጋለ ብረት ተኮሰው። ሆዱ እንደ ቅል ተነፍቶ፣ እግሩ ሸንበቆ አክሎ አለፈ። የገደለው በሽታ ስም እንዳለው አይናዲስ ያወቀችው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ለሥራው ልትወዳደር በሄደችበት ቀን ነው። የምርምሩ ኃላፊ ዶክተር እንዳለው የሕመሙን ምልክት በሥዕል እያሳዩ ለተወዳዳሪዎቹ ሲያስረዱ እጇን አወጣች።

"ይሄ የወንድሜ በሽታ ነው" አለች።

ሌላ አልጨመረችም። ሥራውን ግን አገኘች።

ባየልኝ የመጣው በጥር መጨረሻ ነው። የጎጃም ልጅ፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ። ሁለት ጓደኞቹ ግራና ቀኝ በትከሻቸው ደግፈው አስገቡት። የግቢው ነርስ ደምለው ከጣፊያው በቀጭን መርፌ ናሙና ቀድቶ በማይክሮስኮፕ ሲያየው የካላዛር ተሐዋሲ ሞልቶበታል።

የታወቀው ሕክምና በየቀኑ ሁለት ሁለት መርፌ ለአሥራ ሰባት ቀን መወጋት ነው። መርፌው ያቃጥላል፤ ልብም ይጎዳል፤ ከመካከሉ አቋርጦ የሚሸሽ አለ። ምርምሩ የሚሞክረው በአፍ የሚዋጥ እንክብል ነበር። ቢሠራ፣ ሰው ካልጋ ሳይታሰር እየሠራ ሊታከም ነው። ወደ ጥናቱ የሚገባውን ሰው አስረድቶ ፈቃዱን መቀበል የአይናዲስ ሥራ ነው። የባየልኝ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ይኸ እንክብል የታወቀ ነው ወይስ በእኔ ልትሞክሩት ነው?" አላት።

"በአንተና ባንተ ቢጤዎች ልንሞክረው ነው።"

"ባይሠራሳ?"

"ባይሠራ መርፌውን እንሰጥሃለን። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ላንብብልህ።"

"ወረቀቱን ተይው። አንቺ በይው።"

አይናዲስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "ቢመለስብህ መርፌውን እንሰጥሃለን። አገርህ ብትገባም አገኝሃለሁ። አንተ እኛን አትፈልግም፤ እኛ ነን የምንፈልግህ።"

ባየልኝ በደረቀ ከንፈሩ ሳቀ። "ግብር እንዳለበት ሰው ልትከታተይኝ ነዋ! በይ እሺ እታለም፣ ብዕሩን ስጪኝ።"

በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣፊያው ሟሸሸ። እንጀራ ይጨመርልኝ ማለት ጀመረ። ደምለው ለምርመራ ደም ሲቀዳ እጁ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ እያስመሰለ ያስቀው ነበር። በየካቲት አጋማሽ ወጣ። ከመሄዱ በፊት የእናቱን የእትዬ አሰበችን ስም፣ የቀበሌውን ወፍጮ ቤት ስልክ፣ ደብሩንም አስመዘገበ። ስድስተኛው ወር ነሐሴ ላይ ይሞላል።

በሰኔ መጨረሻ ዶክተር እንዳለው ከጎንደር መጡ። አምስቱንም ሠራተኞች ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ሰበሰቡ። ወንበር ቢያመጡላቸውም አልተቀመጡም።

"ለሚመጣው ዓመት በጀታችን አልተፈቀደም" አሉ። "አገሪቱ ያለችበትን ሁኔታ ታውቃላችሁ። ቅድሚያ ለሚሰጠው ሥራ ተዛውሯል ነው የተባልነው። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ግቢው ይዘጋል።"

"ሦስት ዓመት አልነበር እንዴ ዶክተር?" አለ ደምለው።

"ፕሮግራሙ የሦስት ዓመት ነው። ገንዘቡ ግን የሚፈቀደው በየዓመቱ ነው።"

"ሠላሳ ሁለት ሰው ስድስተኛ ወሩ ገና ነው" አለች አይናዲስ።

"አውቃለሁ።"

"ማን ሊያያቸው ነው?"

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት። "ሦስት ጊዜ ጻፍሁ፣ አይናዲስ። ሌላው ይቅር፣ የጀመርናቸውን ሰዎች ብቻ የምናይበት ስድስት ወር ስጡን አልሁ። የተጀመረን ለማስጨረስ ገንዘብ መለመን አዲስ ለማስጀመር ከመለመን ይከብዳል። ለአዲስ ነገር ሪባን ይቆረጣል። ለማስጨረሻ ምን ይቆረጣል?"

ሰኔ ሠላሳ ቀን አንድ አይሱዙ መጥቶ ማይክሮስኮፑን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የመድኃኒቱን ካርቶንና መዝገቡ ያለበትን የቆርቆሮ ሣጥን ጭኖ ወደ ጎንደር ወጣ። ግቢውን በሳምንቱ አንድ ነጋዴ ተከራየውና ማዳበሪያ ሞላበት። ደምለው ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለ መድኃኒት ቤት ተቀጠረ። አይናዲስ እጅ ላይ የቀረው ያ ደብተሯ ብቻ ነው።

ሥራ መፈለግ ነበረባት፤ አልፈለገችም። በራሷ ካርድ መደወል ጀመረች። ለአረም የተመለሱ ነበሩና ጥቂቶቹን እዚያው ቆላው ላይ አገኘቻቸው። ከዚያ ወደ ደምለው ሄደች።

"እሁድ እሁድ ብቻ" አለችው። "ጣፊያቸውን ዳስሰህ፣ ሙቀታቸውን ለክተህ ንገረኝ። እኔ እጽፈዋለሁ።"

"ለማን ነው የምትጽፊው? የሚቀበልሽ የለ።"

"ተቀባይ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ቀናቸው ግን እየደረሰ ነው።"

ደምለው አጉረመረመ፤ ግን እምቢ አላለም። ሕመምተኞቹን በመድኃኒት ቤቱ ጓሮ፣ አግዳሚ ላይ እያስተኛ ያያቸው ጀመር። እስከ ነሐሴ መባቻ ሰባት ሰው አዩ። ሰባቱም ደህና ናቸው። አንዱ እንዲያውም ወፍሯል። አይናዲስ ማታ ደብተሯን ስታይ እንክብሉ ሳይሠራ እንዳልቀረ ታስብ ነበር፤ ለማን እንደምትነግረው ግን አታውቅም።

በዚያው ነሐሴ ውጊያ ተነሥቶ የጎንደር መንገድ ተዘጋ። አውቶቡሶቹ መናኸሪያው ውስጥ ተደርድረው ቀሩ። ኢንተርኔት ጠፋ፤ ስልክ ይቆራረጣል። ፍልሰታ ጾም ሊያበቃ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ የማታውቀው ቁጥር ደወለ።

"ያቺ ሰው የምትፈልገዋ አንቺ ነሽ?" አለ አንድ የጎልማሳ ድምፅ።

"ማን ልበል?"

"የባየልኝ ጓደኛ ነኝ። ያለነው ከኮኪት ወዲያ እርሻ ላይ ነው። ልጁ ተኝቷል። 'እነሱ ይፈልጉኛል፣ አትደውሉ' እያለ አስቸገረን፤ እኛ ግን ፈራን። የሕክምና ካርዱ ላይ ቁጥርሽን አግኝተን ነው።"

ዝናቡ ዋልካውን አጨቅይቶት ባጃጅ ከአስፓልቱ አይወርድም። አይናዲስ እስከ ኮኪት በጭነት መኪና፣ ከኮኪት ወዲያ አንድ የትራክተር ሾፌር ለምና ሄደች። የሰሊጡ ቡቃያ እስከ አድማስ ድረስ አረንጓዴ ነው። ባየልኝን ከማሽላ አገዳ በተሠራ ዳስ ውስጥ፣ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተኝቶ አገኘችው። ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል። ሆዱ ሸሚዙን ገፍቶ ቁልፎቹ ተፈተዋል። አንድ የአፍንጫው ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል፤ ጨርቁ ጠቁሯል።

"ወባ ነው ብለን ሁለት ጊዜ መድኃኒት ገዛንለት" አለ የእርሻው ዋኪል፣ ሠራተኛውን የሚያዝዘው ሰው። ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

ባየልኝ ዓይኑን ገለጠ። "እታለም! ስድስት ወር ሞላ እንዴ?"

"ጥቂት ቀን ይቀረዋል።"

"ቀድሜ መጣሁባችሁ በይኛ።"

በትራክተሩ ተሳቢ ላይ፣ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ መለሰችው። መንገዱን ሁሉ የግቢውን መዘጋት ልትነግረው አስባ ሳትነግረው ቀረች። ገንዳ ውሃ ገብተው ባጃጁ ወደ ቤቷ ሲታጠፍ ቀና አለ።

"ወደ ቢሮ አንሄድም?"

"ቢሮው ተዘግቷል፣ ወንድምዓለም።"

"ዛሬ ምን ቀን ነው? እሁድ ነው?"

"አይደለም። ተዘጋ። በጀት የለም ተብሎ ሰኔ ላይ ተዘጋ።"

ባየልኝ አያት። ከዚያ ጭንቅላቱን ወደ ባጃጁ ሸራ መለሰ።

ከቤቷ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደችው፤ እዚያ የነበረው የጣት ደም ምርመራ ብቻ ነው። ያ ምርመራ ደግሞ አንዴ ካላዛር ይዞት የነበረን ሰው ሁሉ፣ ዳነም አልዳነም፣ አለበት ነው የሚለው። ቁርጡን የሚያሳየው ከጣፊያ የሚቀዳው ናሙና ነበር፤ ያን የሚሠራው ግቢ አሁን ማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። መርፌውም እዚያ የለም። ተረኛው ባለሙያ ልጁን በደንብ ካየው በኋላ ሪፈር ጻፈለት።

"ጎንደር ነው" አለ።

"በምን ልውሰደው?"

"እሱን እንኳ እኔም አላውቅም፣ እህቴ።"

የአምቡላንሱ ሾፌር ከጭልጋ ወዲህ ተተኩሶበት መመለሱን ነገራት። ድሮ ቢሆን በመተማ ዮሐንስ በኩል ገላባትን ተሻግረው ገዳሪፍ ያስገቡት ነበር። አሁን ሱዳንም እየነደደች ነው፤ በድንበሩ ድልድይ ፍራሽ ተሸክሞ ወደዚህ የሚመጣ ነው እንጂ የሚሄድ የለም።

ስልኩ የሠራ ጊዜ ዶክተር እንዳለውን አገኘቻቸው።

"አምጪው" አሉ። "እኔ ራሴ እወጋዋለሁ። መድኃኒቱ እኔው ክፍል ነው፤ ካርቶኑን እያየሁት ነው።"

"መንገዱ ዝግ ነው ዶክተር።"

"አውቃለሁ" አሉ። ደግመውም "አውቃለሁ" አሉ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ደምለው ጠዋትና ማታ ይመጣ ነበር። ግሉኮስ ሰቀለለት፤ ሳምባው ሲያፍንበት ፀረ ተሕዋስ ወጋው። ከዚያ በላይ በእጁ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ጣፊያውን ዳስሶ ተነሣና አይናዲስን ወደ በረንዳው ጠራት።

"ከእምብርቱ አልፏል። ደሙም አልረጋ ብሏል። ራስሽን አታድክሚ።"

"እኔ ነኝ ያስገባሁት።"

"እኛ ቅጥር ሠራተኞች ነበርን፣ አይናዲስ። ቃል የገባው ቢሮው ነው።"

"ቢሮ አፍ አለው? አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያነጋገረው ቢሮ ነው? የተናገርሁት እኔ ነኝ።"

ደምለው የመድኃኒት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ማታ ግን በሰዓቱ ተመልሶ መጣ።

ባየልኝ አልወቀሳትም። ያ ነው የጎዳት። ትኩሳቱ ሲበርድለት ስለ አረሙ ያወራል፤ በዚህ ዓመት ዝናብ ስለበዛ ሰሊጡ እንደሚበሰብስ ይናገራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውኃ በማንኪያ ስታጠጣው ጠየቃት።

"ያ እንክብል ለሌሎቹ ሠራ?"

"እስካሁን ያየኋቸው ሰባት ናቸው። ሁሉም ደህና ናቸው።"

"ታዲያ መልካም ነዋ" አለ። ጥቂት አሰበና፣ "እኔን ነዋ የጠላኝ" አለ።

በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አፍንጫው መድማት ጀመረ። ደምለው በጨርቅ ወተፈው፤ ደሙ በጉሮሮው በኩል መጣ። አይናዲስ እንዳይታነቅ በጎኑ አስተኝታ ጀርባውን ያዘችው። ፀሐይ በበሩ ገብታ መደቡ ላይ እስክትደርስ ነው የቆየው። ደምለው የእጁን ትርታ ያዘ፤ ሰዓቱን አየና ከልማድ የተነሣ የግቢውን መዝገብ ፈለገ። የሚጽፍበት አልነበረም።

ከእርሻው ስምንት ሠራተኞች ጭቃውን በእግራቸው አቋርጠው መጥተው መቃብሩን ቆፈሩ። የጎረቤቱ ዕድር ድንኳን ዘረጋ፤ ዘመድ የሌለው ሬሳ ነው ብሎ የቀረ አልነበረም። የጎንደር መንገድ ሐሙስ ዕለት ተከፈተ።

ሞት በስልክ አይነገርም። አይናዲስ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደውል ያሰበችው ባለ ወፍጮውን አነጋግራ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በወጉ እንዲያረዱ ማድረግ ነበር። ወፍጮው ያጓራል። ሰውየው ጩኸቱን ለመሸሽ ወደ ውጭ ሲወጣ ሌላ ድምፅ ገባ። እትዬ አሰበች በቆሎ ሊያስፈጩ መጥተው ወረፋ ላይ ነበሩ። የመተማ ስልክ ነው ሲባል ሰምተው ቀምተውት ነው።

"የባየ ነገር ነው? ልጄ ደህና ነው?"

አይናዲስ ዓይኗን ጨፈነች። "አሞታል፣ እትዬ።"

"ያው በሽታ ነው?"

"ያው ነው።"

"አንቺ ነሽ አይደል ያን ጊዜ ያዳንሽው? አመሰገነሽ፣ አመሰገነሽ፣ አልጨረሰም። እናንተ አላችሁለት አይደል?"

"አለን፣ እትዬ" አለች። "ስልኩን ለባለ ወፍጮው ይስጡልኝ።"

ሰውየው ስልኩን ሲቀበል በሹክሹክታ ነገረችው። በሩቅ የእትዬ አሰበች ድምፅ፣ ከሚያስፈጩ ሴቶች ጋር ሲያወሩ፣ ይሰማት ነበር።

ከዚያ በኋላም መፈለጓን አላቆመችም። እስከ ኅዳር ድረስ፣ ከሠላሳ ሁለቱ አሥራ ዘጠኙን ከደምለው ጋር አዩ። ከባየልኝ በቀር በሽታው የተመለሰበት አላገኙም። የቀሩትን ወይ ስልክ ከለከላት፣ ወይ የማይታለፍ መንገድ።

ዶክተር እንዳለው በኅዳር መጨረሻ መጡ። አይናዲስ ደብተሩን ከፊታቸው ዘረጋችው። ገጽ በገጽ አዩት፤ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ የጣፊያውን መጠን በጣት ተለክቶ። ከተከበረ መጽሐፍ እንደሚያነቡ ቀስ ብለው ነበር የሚገልጡት።

"እግዜር ያክብርሽ" አሉ። "ግን ልጠቀምበት አልችልም።"

"ለምን?"

"የጥናቱ ፈቃድ ሰኔ ላይ ከበጀቱ ጋር አብሮ አልቋል። ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ሳያውቀው፣ በመድኃኒት ቤት ጓሮ የታየ ሰው በሪፖርት አይገባም። ሠላሳ ሁለቱም 'ክትትላቸው የጠፋ' በሚለው ሥር ነው የሚመዘገቡት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ፣ ሠላሳ ሁለት ሰው ከጠፋ እንክብሉ ይሠራል ወይም አይሠራም ማለት አንችልም። መረጃው በቂ አይደለም ተብሎ ይዘጋል። መርፌው ይቀጥላል።"

"ባየልኝም ጠፋ ተብሎ ነው የሚጻፈው?"

ዶክተሩ ደብተሩን ዘጉት።

"ባየልኝ አልጠፋም" አለች። "ይምጡ፣ ያለበትን ላሳይዎት።"

ተነሥተው አብረዋት ሄዱ። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። ዶክተር እንዳለው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። በመጨረሻ፣ "ይህችን እንኳ እጽፋታለሁ" አሉ። ጻፉም። ሪፖርቱ ሲወጣ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር አነበበላት። በአንድ ሠንጠረዥ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ከክትትል ውጭ የሞተ አንድ ሰው አለ ይላል። ስም የለውም። ስም እንደማይጻፍ እሷም ታውቃለች። ቢሆንም መምህሩን ሁለት ጊዜ አስነበበችው።

አሁን አይናዲስ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው የምትሠራው። ከሌሎች ሴቶች ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጠጠርና እንክርዳድ ትለቅማለች፤ አመሻሽ ላይ ፀጉሯም ልብሷም በሰሊጥ ገለባ አቧራ ይሸፈናል። ከመጋዘኑ ሴቶች አንዳቸውም የቀድሞ ሥራዋን አያውቁም።

ባለፈው መስከረም አንዲት ወጣት ተመራማሪ ልትፈልጋት መጣች። ማርያማዊት ትባላለች። ከመጋዘኑ በር ላይ አዲስ ጫማዋን ከጭቃው እያራቀች ቆመች።

"የካላዛር ጥናት እንደገና ልንጀምር ነው" አለች። "በአዲስ መልክ፣ አገር አቀፍ ነው። ሰው ማግኘት የምትችል አንዲት ሴት አለች ብለውኝ ነው የመጣሁት።"

አይናዲስ ሰፌዷን አላስቀመጠችም። "ለስንት ዓመት ነው?"

"ለአራት ዓመት።"

"የአራተኛው ዓመት ገንዘብ አለ?"

"የሚፈቀደው በየዓመቱ ነው። ግን ድጋፉ ጠንካራ ነው፤ ቃል ተገብቶልናል።"

"እንግዲያስ ሕመምተኛውን ስታስገቢው እንዲሁ ንገሪው።"

"ምን ብዬ?"

"የምናይህ በጀት እስካለ ድረስ ነው፣ ባይኖር አናይህም በይው። ይህን ሰምቶ የሚፈርም ካለ ይፈርም።"

"እንደዚያ ካልሁማ ማን ይገባል?"

"ልክ ነሽ" አለች አይናዲስ። "ማንም አይገባም።"

ልጅቱ ጥናቱ ካልተካሄደ መርፌው መቼም እንደማይቀር፣ ሰው መሞቱን እንደማይተው ልትናገር ጀመረች። አይናዲስ ይህን ከማንም የበለጠ ታውቀዋለች። ማርያማዊት ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ስልኳን ጻፈችላት። አይናዲስ ተቀበለቻት፤ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ አስገባቻት፤ ወደ ሰሊጧም ተመለሰች።

በዚያ ሳምንት ከደጋ የአጨዳ ሠራተኛ የጫኑ አይሱዙዎች ቀኑን ሙሉ በመጋዘኑ በር ያልፉ ነበር። ጎበዛዝቱ ጭነቱ ላይ ቆመው ይዘፍናሉ። ሴቶቹ ሥራ እያቆሙ ያዩዋቸዋል። አይናዲስ አልተነሣችም፤ እስካሁንም ለማርያማዊት አልደወለችም።